ዐፄ ምኒልክና አካል የሌለው ድምፅ

ሲጠሩት የሚመልስ፣ መልእክት የሚያረቅ፣ የጻፉለትን የሚያነብ፣ ካስፈለገም የሌላውን ሰው ድምፅ አስመስሎ የሚናገር ሰው ሠራሽ አስተውሎት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከእጅ ስልካችን ገብቶ ተቀምጧል። ሕዝቡ ግን በሙሉ ልቡ አልተቀበለውም። ለባልንጀራዬ የጻፍሁትን መልእክት ከባልንጀራዬ ሌላ ማን ያነበዋል? መሣሪያው የሚያዳምጠኝ ስጠራው ብቻ ነው ወይስ ዝም ስልም ጭምር? ልጅህ ነኝ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቀኝ ድምፅ በእውነት የልጄ ነውን? እንዲህ ያለው ጥያቄ በየመሥሪያ ቤቱ ከሚመላለሰው ባለጉዳይ አንሥቶ በኮልፌ ቀራንዮ በቆሼ አካባቢ እስከሚኖረው ቤተሰብ ድረስ የሁሉም ጥያቄ ነው። በሙያው ያለን ሰዎች ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥርጣሬውን ብዙ ጊዜ ካለማወቅ የመጣ አድርገን እናልፈዋለን።

ቆሼን በስሙ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ያለቁበት ስፍራ ነው። በየዘመኑ አዲስ ተብሎ ወደ ከተማይቱ የገባ ዕቃ ዘመኑ ሲያልፍ የሚጣልበት ቦታ ይኸው ነበር። የአዲስ ነገርን መጨረሻ ከቅርብ ያየ ሰው ስለ መጀመሪያው አጥብቆ ቢጠይቅ አላዋቂ ሊባል አይገባውም።

የመጽሔታችን አዘጋጆች በዚሁ ጉዳይ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ከመሣሪያው ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት መረጥሁ። ዐፄ ምኒልክ ስልክን ወደ አገራችን ያስገቡ ንጉሥ ተብለው በየመጽሐፉ ይመሰገናሉ። በዘመናቸው ስልኩን የሰይጣን ሥራ ነው ያሉት ሰዎች ደግሞ ለሣቅ ያህል ይነሣሉ። ታሪኩ ግን እንዲህ ለሁለት የተከፈለ አልነበረም። በዚያ ዘመን ከነበሩት ተጠራጣሪዎች ሁሉ የበረቱት ተጠራጣሪ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ምኒልክ ራሳቸው ነበሩ።

ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ አንጎለላ ነው። አባታቸው ኃይለ መለኮት፣ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዝ በሻምበል ሃሪስ የተመራ መልእክተኛ ጓድ ተቀብለው መድፍና ጠመንጃ፣ ሌላም የፈረንጅ ዕቃ በእጅ መንሻነት ያገኙ ሰው ስለ ነበሩ፣ የሸዋ ቤተ መንግሥት ለባሕር ማዶ ሥራ ጨርሶ እንግዳ አልነበረም። ምኒልክ ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን አስገብረው ልጁን ወደ ሰሜን ወሰዱት። መቅደላ ላይ በግዞት፣ ነገር ግን በክብርና በትምህርት፣ ወደ 10 ዓመት ያህል ቆይተው በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱ።

በዚያ የግዞት ዘመን ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የፈረንጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ የተሠራው ምኒልክ ካመለጡ በኋላ ቢሆንም፣ በእጅ ባለሙያና በንጉሥ መካከል ያለው ነገር ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል ወጣቱ አይቶ ነበር ማለት ይቻላል። ቴዎድሮስ ባለሙያውን አስገደዱ፤ አንዳንዱንም እስከ ማሰር ደረሱ። ምኒልክ ሲነግሡ የያዙት መንገድ ሌላ ሆነ። ባለሙያውን አስመጥተው፣ ደመወዝ ቆርጠውለት፣ ከዚያ በፊት ግን ይፈትኑት ነበር።

አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ በ1871 ዓ.ም. ሸዋ ሲደርስ ዕድሜው ገና 25 ዓመት ያልሞላ፣ በዙሪክ የቴክኒክ ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ነበር። ስለ አቀባበሉ ሲነገር የኖረው ታሪክ እንደሚለው ምኒልክ በመጀመሪያ ያዘዙት ድልድይ ወይም ቤት እንዲሠራ አልነበረም፤ ጫማ እንዲሰፋ ነበር። መሐንዲሱ ጫማ መስፋት ሥራው እንዳልሆነ ቢያስረዳም አልቀረለትምና ሰፋ። ቀጥሎ ጠመንጃ ሥራ ተባለ። የአውሮፓ ጠመንጃ ከዚህ እንደሚሻል ቢናገርም ሠርቶ አስረከበ። ብዙዎች ይህን የሚተርኩት ስለ ንጉሡ የዋህነት ነው። እኔ ግን የጥሩ አሠሪ ፈተና ይመስለኛል። አንድ ባለሙያ አላውቅም ሲል እውነቱን ነው ወይስ ትዕቢቱን፣ አውቃለሁ ሲልስ በአፉ ነው ወይስ በእጁ፣ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

ኢልግ ከዚያ በኋላ ለ27 ዓመታት ያህል አገልግሏል። ከእንጦጦ ሥር ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ ሲያስገባ ውሃ እንዴት ወደ ላይ ይወጣል ብሎ ያልተጠራጠረ ሰው ጥቂት ነበር። ውሃው ግን መጣ፤ ሕዝቡም በዓይኑ አየ፤ ጥርጣሬውም በዚያው ቀረ። ውሃን መመስከር ቀላል ነው፤ ከየት እንደ ተነሣና የት እንደ ደረሰ ይታያል። የድምፅ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ሆነ።

ይህን ለመረዳት ወደ 1881 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከሞቱ በኋላ ምኒልክ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ውል ተዋዋሉ። ውሉ በአማርኛና በጣልያንኛ ተጻፈ። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቃል የኢትዮጵያ ንጉሥ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም ይችላሉ ሲል፣ የጣልያንኛው ቃል ደግሞ የግድ በእርሷ በኩል እንዲሆን የሚያስገድድ ነበር። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ ከጫኑ በኋላ ለአውሮፓ ነገሥታት መንገሣቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፉ። የእንግሊዝና የጀርመን መልስ ሲመጣ በቀጥታ መጻጻፍ እንደማይቻል፣ ጉዳዩ በኢጣልያ በኩል መሆን እንዳለበት የሚያመለክት ሆኖ ተገኘ። ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ ቋንቋቸው የተናገሩት ነገር በሌላ ቋንቋ ሌላ ሆኖ ዓለምን ዞሯል።

ከውሉ በኋላ ደጃዝማች መኮንን፣ በኋላ ራስ የተባሉት፣ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ወደ ኢጣልያ ተልከው ነበር። በ1882 ዓ.ም. ሲመለሱ ካመጡት ዕቃ መካከል ቴሌፎን እንደ ነበረበት ይነገራል። ልብ በሉ፤ የሚናገረው መሣሪያና የተጭበረበረው ውል ጣጣ ወደ ቤተ መንግሥቱ የደረሱት በአንድ ዘመን፣ ከአንድ አገር፣ በአንድ መልእክተኛ ጉዞ ነው። የስልክን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የውጫሌን ጉዳይ ለዲፕሎማሲ ጸሐፊዎች ይተዉታል፤ የዲፕሎማሲ ጸሐፊዎችም ስልኩን አያነሡም። ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት የምኒልክን ጠባይ ግማሽ ብቻ ማየት ነው።

መሣሪያው መጀመሪያ የተተከለው በእልፍኙና በግምጃ ቤቱ መካከል ነበር። ካህናቱ ሰው ከሌለበት ድምፅ መስማታቸውን፣ ይህም የአጋንንት ሥራ ነው ብለው ከቤተ መንግሥት እንዲወጣ መለመናቸውን፣ ንጉሠ ነገሥቱም ልመናውን አለመቀበላቸውን አባቶች ሲያወርዱት የመጣ ታሪክ ነው። እስቲ የካህናቱን ነገር በእነርሱ ቦታ ሆነን እንየው። በሚያውቁት ዓለም አካል ሳይታይ የሚሰማ ድምፅ ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር፤ ወይ ከሰማይ የመጣ ነው፣ ወይ የርኩስ መንፈስ ነው። ሦስተኛ መደብ አልነበረም። የግምጃ ቤቱ ድምፅ ደግሞ ስለ ብርና ስለ ጨርቅ ቁጥር ይናገር ስለ ነበር ከሰማይ የመጣ ሊሆን አይችልም። እንግዲህ ባላቸው ዕውቀት ልክ በትክክል አስበው ነው የደመደሙት። ሕዝቡም ዕቃውን የሰየመው በሚታየው ነገር ነው። ስልክ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሽቦ ነው። ድምፁን ማመን ያቃተው ሰው ሽቦውን ግን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ፣ በስሙ ጠራው።

ካህናቱ ያነሡት ሌላው ጉዳይ በዘመኑ በግልጽ ባይነገርም ከባዱ እርሱ ነበር። የንጉሥ ቃል የንጉሥ መሆኑ የሚታወቀው በማኅተም ነው። የኢትዮጵያ ነገሥታት ደብዳቤ በፊርማ ሳይሆን በማኅተም ይጸድቃል፤ ደብዳቤውን የሚያደርሰው መልእክተኛም የታወቀ ሰው ይሆናል። በሽቦ የሚመጣ ድምፅ ግን ማኅተም የለውም፤ መልእክተኛውም ፊቱ አይታይም። እኔ ንጉሡ ነኝ የሚል ድምፅ ከሐረር ቢሰማ ንጉሡ መሆኑን ማን ይመሰክራል? እኛ ዛሬ ማረጋገጫ የምንለው የሙያችን ክፍል፣ የይለፍ ቃሉም የምሥጢር ቁልፉም፣ ለዚሁ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

ምኒልክ ስልኩን አላስወጡም፤ በስልክ ብቻም አላመኑም። ከአዲስ አበባ ሐረር ድረስ 477 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው መስመር በ1880ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ሲያልቅ፣ ደብዳቤ ይዞ የሚሮጠው መልእክተኛ ሥራውን አልፈታም። ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ በጣልያኖች የተዘረጋው የቴሌግራፍ መስመር በ1890ዎቹ አጋማሽ ሲጨመር፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሐረሩን ነባር መስመር አልተዉትም። በዐድዋ ድል ያደረጉት መንግሥት በሠራው ሽቦ መነጋገር ሳያስፈራቸው፣ በእርሱ ብቻ መነጋገር ግን እንደማይበጅ የገባቸው ይመስላል። መስመሩ የሚያልፍበት አገር ነዋሪ በበኩሉ ለሽቦው የራሱን ጥቅም አገኘለት፤ እየቆረጠ አምባር ሠራበት። ምሰሶውን ምስጥ በላው። አንባቢያን ብዙዎቻችሁ በሥራ ቦታችሁ የምታውቁት ችግር ስለ ሆነ አልዘረዝረውም።

ከስልኩ ይልቅ ለዛሬው ጉዳያችን የቀረበው ግን የፎኖግራፉ ታሪክ ነው። በነሐሴ 1890 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የወዳጅነት መልእክት በፎኖግራፍ ላይ ተናገሩ። ጊዜው እንግሊዞች በሱዳን ከመሐዲስቶች ጋር የሚዋጉበት፣ ፋሾዳ ላይ ከፈረንሳዮች ጋር የሚፋጠጡበት፣ የዐድዋ ድል ባለቤት የሆነውን ንጉሥ ወዳጅነት የሚፈልጉበት ነበር። ድምፁ በሰም ሲሊንደር ላይ ተቀርጾ በእንግሊዝ ወኪል በሻምበል ሃሪንግተን እጅ አዲስ አበባ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ድምፁን ቆመው እንደ ሰሙ፣ ደጋግመው እንዳሰሙት፣ ለክብሩም መድፍ እንዳስተኮሱ ይተረካል። ንግሥቲቱ በአካል የመጡ ያህል ነበር የተቀበሏቸው።

ይህን ታሪክ የሚያደምቁ ሰዎች ሁለት ነገር ያልፋሉ። አንደኛው፣ ንግሥቲቱ ድምፃቸውን የሰጡት ሲሊንደሩ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ በሚል ውል መሆኑ ነው። እንደ ተባለውም ተደረገ። የዓለምን ሩብ የሚያህል ግዛት የነበራቸው ንግሥት ድምፃቸው ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ማን እንደሚያሰማው፣ ለምን እንደሚያውለው አሳስቧቸው ነበር ማለት ነው። መሣሪያው በአገራቸው የታወቀ፣ ሊቃውንትም በዙሪያቸው የሞሉ ስለ ነበሩ ይህን ጥርጣሬ ካለማወቅ የመጣ ሊለው የሚደፍር የለም። ዛሬ አንድ ተጠቃሚ ድምፄ ከተቀዳ በኋላ የት ይቀመጣል፣ መቼስ ይሰረዛል ብሎ ቢጠይቅ ከንግሥት ቪክቶሪያ የበለጠ አልጠየቀም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው የሕግ ጥያቄ ሆኗል።

ሁለተኛው፣ ምኒልክ እንግሊዝኛ አለማወቃቸው ነው። ከሲሊንደሩ የወጣው ድምፅ ለጆሯቸው ድምፅ ብቻ ነበር፤ ትርጉሙ የደረሳቸው በአጠገባቸው በቆመ ሰው አፍ ነው። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ አንዲት የግሥ አገባብ አገር ልታሳጣቸው ደርሳ ነበር። ውሉን በ1885 ዓ.ም. ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አሳውቀው፣ ጉዳዩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በብዙ ሺሕ ሰው ደም ተወስኗል። እንዲህ የከፈለ ሰው ድምፁን በአክብሮት ቆሞ ሲሰማ ትርጉሙን ደግሞ በሌላ ጆሮ እንደሚመዝን ጥርጥር የለውም። እርሳቸውና እቴጌይቱ በ1891 ዓ.ም. መልሱን በዚያው መሣሪያ ላይ ሲናገሩ የተናገሩት በአማርኛ ነበር። ስለ ወዳጅነቱ አመስግነው፣ ስለ ጤንነት መልካም ተመኙ። ሌላው ከባድ የመንግሥት ጉዳይ እንደ ወትሮው ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ ሲላላክ ቀጠለ።

በዚህ ቦታ ስለ ቋንቋችን ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ። የአማርኛ ፊደል ሲጠብቅና ሲላላ ለይቶ አያሳይም። ይሰማል ብለን ስንጽፍ ሰውየው ያዳምጣል ማለታችን ነው ወይስ ድምፁ ለሌሎች ይደርሳል ማለታችን? አለ ብለን ስንጽፍስ ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? ገና የሚለው ቃል በዓል ነው ወይስ ያልደረሰ ጊዜ? ሰው ሲያነብ ከነገሩ አካሄድ ይለየዋል። መሣሪያ ግን የሚለየው ቀድሞ ከሰማውና ካነበበው ብዛት ነው፤ አማርኛ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ጋር ሲነጻጸር ለመሣሪያ የቀረበለት ጽሑፍና ድምፅ እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ አንድ የችሎት ባለጉዳይ ወይም አንድ ሕመምተኛ በአማርኛ የተናገረው ቃል በመሣሪያው ውስጥ አልፎ ሲወጣ ያው መሆኑን ማን ይመሰክርለታል? ከውጫሌ ውል የአማርኛ ቅጂ ባይኖር ኖሮ ምኒልክ እኔ እንዲህ አላልሁም ብለው የሚያሳዩት ነገር ባልነበራቸው ነበር።

ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ሕይወት ልመለስ። ጥርጣሬ ሁሉ በእርሳቸው ትእዛዝ ይሸነፍ ነበር ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በ1886 ዓ.ም. በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ ፓሪስ ውስጥ አስቀርጸው አዋጅ ቢያስነግሩም፣ ነጋዴውና ገበሬው ለዘመናት የለመደውን የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር አልተወም። ጠገራውም እርሳቸው ካለፉ በኋላ ብዙ ዓመት ሲገበያዩበት ኖረ። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ ሲነሡ ከቤተ ክህነት በኩል ተቃውሞ ገጠማቸው። ይህን በጉልበት አልጣሱትም፤ በእምነት ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ የሆኑ ግብጻውያን መምህራንን አስመጥተው በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ካህናቱ የጠየቁት የሚያስተምረው ማን ነው ብለው ነበር፤ ምኒልክም የመለሱት ይህንኑ ጥያቄ ነው። ከጠያቂው ጋር ሳይሆን ከጥያቄው ጋር መነጋገር ይሉታል ይህን።

ሲኒማ አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ሕዝቡ ቤቱን ሰይጣን ቤት ብሎ ጠራው፤ ስሙም እስከ ዛሬ ድረስ ይነሣል። አካል የሌለው ድምፅ ያስደነገጠው ሰው ድምፅ የሌለው አካል ግድግዳ ላይ ሲንቀሳቀስ ቢያይ ምን እንዲል ይጠበቅ ኖሯል? አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. በእንግሊዛዊው ቤንትሌ መጥቶ ሲቀርብላቸው ግን ምኒልክ ራሳቸው ተሳፈሩበት። በነገራችን ላይ ንጉሠ ነገሥቱ የኤሌክትሪክ ወንበር አስመጥተው ዙፋን አደረጉት የሚለውና በባሕር ማዶ መጻሕፍት የሚዞረው ተረት የሚታመን ማስረጃ የለውም። መሣሪያን አላግባብ ስለሚጠቀም ሞኝ ንጉሥ የሚናገር ተረት መሣሪያውን ለሠራው አገር ሰው መጣፈጡ የሚገርም አይደለም። ጫማ በማሰፋት መሐንዲስ የፈተነ ሰው ግን እንዲህ አይሞኝም።

ኢልግ በ1899 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። ያቀደው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። ይህን መሐንዲሱም ንጉሠ ነገሥቱም አላዩትም። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ተሾሙ፤ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። በዚሁ ጊዜ የምኒልክ ጤና እየተበላሸ ሄደ። የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው በ1901 ዓ.ም. በአዋጅ ካስነገሩ በኋላ፣ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የወደቀባቸው ደዌ አካላቸውን አሰረ፤ አንደበታቸውንም ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ዓመታት በታሪካችን ልዩ ናቸው። ቀድሞ አካል የሌለው ድምፅ ያወዛገበው ቤተ መንግሥት አሁን ድምፅ የሌለው ንጉሥ ያዘ። ሥራው በመጀመሪያ በእቴጌ ጣይቱ እጅ ሆነ፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን አራቋቸው። ራስ ተሰማ ናደው እንደራሴ ሆነው እስከ 1903 ዓ.ም. ቆዩ፤ ቀጥሎ ነገሩ ሁሉ ወደ ልጅ ኢያሱ ዞረ። በዚህ ሁሉ መካከል መንግሥቱ የምኒልክ ተብሎ ይጠራ ነበር። ሕዝቡ ግን መጠራጠር ጀመረ። ጃንሆይ በሕይወት አሉን? ይህ ትእዛዝ ከእርሳቸው ነውን? ማኅተሙስ በማን እጅ ነው? እያለ በየደጁ ይጠያየቅ ጀመር። ይህን የጠየቁት ሽቦ ያላዩ ባላገሮች ብቻ አልነበሩም፤ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ የሚኖሩ መኳንንትና የውጭ አገር መልእክተኞች ጭምር ነበሩ። ወደ ሐረር፣ ወደ ጅማና ወደ ጎሬ የሚሄደው መስመር ሥራውን ይሠራል፤ ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ግን የሚሰማው የማንን ቃል እንደ ሆነ እርግጠኛ አይደለም።

ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ሞታቸው ለሕዝብ በአዋጅ አልተነገረም፤ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ በምሥጢር ተቀበሩ። አዲስ አበባ ለብዙ ጊዜ ንጉሡ ሞተዋል በሚሉና አልሞቱም በሚሉ ሰዎች ወሬ ተከፍላ ቆየች። አስከሬናቸው ኋላ ንግሥት ዘውዲቱ ባሠሩት በበዓታ መካነ መቃብር ዐረፈ። ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት መልስ ግን እንደ ንግሥቲቱ ሲሊንደር አልጠፋም። በ1891 ዓ.ም. በሰም ላይ የተቀረጸው፣ ከጩኸትና ከፍጭርጭር ጋር የሚሰማው ያ ድምፅ ዛሬ በእጅ ስልክ ይደመጣል፤ የእቴጌይቱም ድምፅ አብሮ ይሰማል።